እንደ ወረደ የሚበላ አፕል፦ የቱን ልትከል ለምትሉ

"የቱ ይጣፍጣል?" ከማለታችሁ በፊት ቦታው ምን ያህል ይበርዳል በሉ። አፕል ቅጠሉን አራግፎ በብርድ ካልተኛ በወጉ አያብብም። ብርድ ያነሰው ዛፍ ዘግይቶ ይነቃል፣ አበባው ይበታተናል፣ ፍሬውም ኢምንት ይሆናል።

ብርዱ ቀለል ለሚልበት ቦታ ምርጫዬ አና ነው። እስራኤል ውስጥ የወጣ ዝርያ ነው። ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ከ200 እስከ 300 ሰዓት ካገኘ ይበቃዋል። ቶሎ ያፈራል፤ ጣፋጭ ሆኖ ኮምጠጥ ይላል። ብቻውን ግን አትትከሉት፤ ባሃማስ የተገኘው ዶርሴት ጎልደን አጠገቡ ይኑር። አብረው ስለሚያብቡ ንቦቹ የአበባ ዱቄቱን ከአንዱ ወደ ሌላው እያመላለሱ የቀረውን ይጨርሱታል። አና መቆየት ላይ ግን ደካማ ነው፤ ቶሎ ይለሰልሳል።

ብርዱ ጠንከር ካለ ጋላ (Gala) የሚባለው የአፕል ዝርያ አያሳፍርም። ልጆች ይወዱታል፤ ለእኔ ግን ጣፋጭነቱ ትንሽ በዝቷል። በጣዕም ከሆነ ኮክስ ኦሬንጅ ፒፒንን የሚያህል የለም። የበሰለውን ጆሮ አጠገብ ስትነቀንቁት ዘሩ ውስጡ ሲንኳኳ ይሰማል። ምን ዋጋ አለው፣ በሽታ አያጣውም! ስካብ (ቅጠልና ፍሬ ላይ ጠቆር ያለ ጠባሳ የሚያወጣ በሽታ)፣ የግንድ ቁስል፣ ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስለው አመዳይ ሁሉም ይጎበኙታል። ለጀማሪ አልመክርም።

ከዘር ላብቅል የምትሉ፣ ይቅርባችሁ። ከዘር የበቀለው እናቱን አይመስልም። የተዳቀለ፣ ማለትም የአንዱ ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላው ሥር ላይ የተጣበቀበት ችግኝ ግዙ፤ ስትገዙም ከታች ያለው ሥር ምን እንደሆነ ጠይቁ። ኤም 9 የሚባለው ሥር ዛፉን አጭር ያደርገዋል፣ ቶሎም ያፈራል፤ ግን ዕድሜ ልኩን ድጋፍ እንጨት ይፈልጋል። ኤምኤም 106 መካከለኛ ቁመት ይሰጣል፣ ራሱንም ችሎ ይቆማል። ሰፋ ያለ ግቢ ካላችሁ እሱን ውሰዱ። ስትተክሉ የተዳቀለበት እብጠት ከአፈር በላይ ይቅር። ከተቀበረ ላይኛው ግንድ የራሱን ሥር ሰዶ ዛፉ ይገዝፋል፤ ዛፉን ለሚያሳጥረው ሥር የከፈላችሁት ገንዘብ ውኃ በላው ማለት ነው።

ፍሬው ገና እንጭጭ ሳለ ከየዘለላው አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን አርግፉ። አንጀት ቢበላም የቀረው ይወፍራል። ለመልቀም ፍሬውን በመዳፍ ይዛችሁ ወደ ላይ ጠምዘዝ አድርጉት። ከደረሰ ሳይታገል ይለቃል።

ለወራት ማቆየት ለሚፈልግ ፉጂ ይሻላል፤ ፍሪጅ ውስጥ ጥርት ብሎ ይቆያል። ብቻ ከካሮት ጋር አታስቀምጡት፤ ከአፕሉ የሚወጣው ጋዝ ካሮቱን መራራ ያደርገዋል።