«ፈቃድ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦ ጎረቤታችን ልጇን በቀበረች ማግስት ድንኳን ውስጥ አንድ አዛውንት «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ቻይው» አሏት። ቀና ብላ «ፈልጎ ነው የወሰደብኝ?» አለቻቸው። መልስ የሰጠ አልነበረም። እዚህ ላይ «ፈቃድ» ፈለገ ነው ወይስ አልከለከለም? «ነጻ ፈቃድ» የምንለውስ?

መልስ፦ ቃሉ ሁለቱንም ይይዛል፣ የሴትዮዋም ጥያቄ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። በግእዝ ፈቀደ ማለት ወደደ፣ ፈለገ ነው፤ በአቡነ ዘበሰማያት «ይኩን ፈቃድከ» ስንል የወደድከው ይሁን ማለታችን ነው። የዛሬው አማርኛ ግን ወደ «ይሁን፣ አልከለክልም» አዘንብሏል፦ የመንጃ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ። አሮጌው ፍቺ «በገዛ ፈቃዴ ለቀቅሁ» ላይ አሁንም አለ፤ ወድጄ ማለት ነው እንጂ አስፈቅጄ አይደለም። «ነጻ ፈቃድ»ንም በዚህኛው ጆሮ ካልሰማነው የሰውን ምርጫ ከቢሮ እንደሚሰጥ ወረቀት እናደርገዋለን።

ሌላ አባል፦ «ዕድል»ም ከዐደለ ነው የመጣው። «ታደለ» ስንል አዳይ አለ። «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚል ሰው ድርሻዬ ገና ከጅምሩ ተቆርጧል እያለ ነው። እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ካወቀ ይሄ በምን ይለያል?

መልስ፦ ማወቅና መወሰን ይለያያሉ። ሮሜ 8፥29 «አስቀድሞ ያወቃቸው» ብሎ «ወስኖአል»ን ለብቻው ያመጣል፤ አንድ ቢሆኑ ሁለት ግስ ምን ያደርጋል? እኔን ይበልጥ የሚያስቸግረኝ «አስቀድሞ» ነው። ከቀደመ የወጣ ስለሆነ እግዚአብሔርን ከእኛ ጋር የጊዜ ሰልፍ ውስጥ ያስገባዋል፣ ከፊታችን ቢሆንም። ሮማዊው ፈላስፋ ቦኤቲየስ እ.ኤ.አ. በ524 አካባቢ ታስሮ ሞቱን ሲጠብቅ የጻፈው ይህንኑ የሚፈታ ነው፦ ለእግዚአብሔር ትናንትና ነገ የለም፣ ሁሉን እንደ አሁን ያየዋል። ፀሐይ ስትወጣና ሰው ሲራመድ አንድ ላይ ብታይ፣ ፀሐይዋ ግድ ሆኖባት ነው፣ ሰውየው ወዶ ነው፤ ያንተ ማየት አንዳቸውንም አልገፋም። ስለዚህ «አስቀድሞ ያውቃል» ከሚለው «ያያል» የሚለው ለሐሳቡ ይቀርባል።

ጠያቂው፦ ለሴትዮዋስ ምን ይባል ነበር?

መልስ፦ እኔ ብሆን «ፈቃዱ ነው» አልልም፤ ያን ሰዓት የሚሰማው «ፈለገ» የሚለው ፍቺ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብዬ አጠገቧ እቀመጣለሁ።