እናቴ ከጎንደር መጥታ ቤት ተዘግቶባታል፣ እሁድ እሁድ ከልጆቹ ጋ የት ላውጣት? (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

የሦስት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እስኪ ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምንኖረው፣ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ። ትምህርት ተዘግቷል፣ ትልቁ 10 ዓመቱ ነው አራተኛ ክፍል ጨረሰ፣ መሃለኛዋ 6፣ ትንሹ ገና ሁለት ዓመት ተኩል። እናቴ ከጎንደር ከመጣች አምስት ሳምንቷ ነው፣ ቪዛው እስኪሳካ ስንት ዓመት ጠብቀን ስንት ተስለን ነው የመጣችው፣ አሁን ግን ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብላ የፓርኪንጉን መኪና ስታይ ትውላለች። እዛ እኮ ጠዋት ኪዳን አድርሳ ስትመለስ በየደጁ እየቆመች ሰላም ስትል ቤት ለመድረስ አንድ ሰዓት የሚፈጅባት ሰው ናት። ባለፈው «ልጄ እዚህ አገር ሰው መቼ ነው ሚወጣው?» አለችኝ፣ መልስ አጣሁ፣ ማታ ተኝቼም ስለሱ ነው ማስበው።

ባለቤቴ ቅዳሜም እሁድም ኡበር ስለሚሰራ መኪናው እሱ ጋ ነው። እኔ ቅዳሜ ስራ እገባለሁ፣ ያለኝ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ ግን ሚመልሱት በእንግሊዝኛ ነው፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ከአያታቸው ጋ ምን ያውሩ? ውጪ ከወጡ አብረው የሚይዙት የሚነኩት ነገር ያገኛሉ ብዬ ነው። ጉልበቷን ያማታል ብዙ መራመድ አትችልም። ብዙ ብር የማይጠይቅ ቦታ ወይም ፕሮግራም ካወቃችሁ በናታችሁ።

ሸገር በሜሪላንድ፦
እህቴ እንኳን እናትሽ በሰላም መጡልሽ። መኪና ስለሌለሽ መጀመሪያ ይሄን ልንገርሽ፣ የካውንቲያችን ባስ ራይድ ኦን ከ2025 ጁን መጨረሻ ጀምሮ ለሁሉም ነጻ ነው፣ ካርድም ሳንቲምም አይጠየቅም ዝም ብሎ መግባት ነው። ስለዚህ ለትራንስፖርት ብለሽ አትቅሪ።

ዊተን ሪጅናል ፓርክ ለናንተ የተሰራ ነው ብዬ ነው ማስበው። ልጆች የሚሳፈሩበት ትንሽዬ ባቡር አለ በዛፎቹ መሃል ዞሮ ይመልሳቸዋል፣ በ1915 የተሰራ የእንጨት ፈረሶች ያሉት የሚሽከረከር መጫወቻ (ካሮሰል) አለ፣ ትልቅ የመጫወቻ ቦታም አለ። ባቡሩና ካሮሰሉ ቲኬት አላቸው ሌላው ነጻ ነው። እዛው ፓርኩ ውስጥ ብሩክሳይድ ጋርደንስ የሚባል የአበባ ቦታ አለ፣ መግቢያው ነጻ፣ መንገዱ የተስተካከለ፣ አግዳሚ ወንበር በየቦታው ስላለ ለእናትሽ ጉልበት ጥሩ ነው። የኔ እናት ስትመጣ እያንዳንዱን አበባ «ይሄ እኛ ጋ እንዲህ ነው ሚባለው» እያለች ለልጆቹ ስትነግራቸው ዋለች፣ ልጄ ጤና አዳም የምትለውን ቃል የተማረችው እዛ ነው።

ጁላይ ላይ ደግሞ ዲሲ ኬኒልዎርዝ የሚባል የውሃ አበባ ፓርክ አለ ሎተሱ የሚፈነዳው ያኔ ነው፣ መግቢያ የለውም፣ ግን በጠዋት ነው መሄድ፣ ለናንተ ከቅዳሴ በኋላ ስለሆነ ላይመች ይችላል።

የሁለት አባት፦
ልጅሽ አራተኛ ክፍል ጨረሰ ያልሽው ነገር ትልቅ ነገር ነው! የአራተኛ ክፍል ተማሪ በሙሉ የአሜሪካ ናሽናል ፓርኮችን በነጻ የሚያስገባ ፓስ ይሰጠዋል፣ ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ ይባላል፣ ኦንላይን ትሞይና ወረቀቱን ፕሪንት ታደርጊያለሽ። እስከ ኦገስት 31 ይሰራል ስለዚህ ጊዜ አለሽ ግን አታዘግዪው። ልጁ አብሮ እስካለ ድረስ መኪናው ውስጥ ያለ ቤተሰብ በሙሉ በሱ ይገባል። ለምሳሌ ግሬት ፎልስ የሚባለው ፏፏቴ በቨርጂኒያው በኩል ለአንድ መኪና 20 ዶላር ነው ሚያስከፍለው፣ ልጅሽ ካለ ምንም። ልጄ ያን ወረቀት በር ላይ ለጠባቂዋ ራሱ ሲሰጥ እኮ ቤተሰቡን ያስገባው እሱ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቀና ብሎ ነበር የዋለው።

ባለቤትሽን አንድ እሁድ ብቻ ስራ እንዲቀር ለምኚውና ፏፏቴውን አሳዩአቸው። የጎንደር ሰው ጢስ አባይን ያውቃል፣ እስኪ ይሄን ምን ይሉት ይሆን። መመልከቻው ከፓርኪንጉ ሩቅ አይደለም። ፓርኪንጉ ግን እሁድ ከረፋድ በኋላ ይሞላል፣ ወይ በጊዜ ወይ ወደ ማታ ሂዱ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አስጠነቅቃለሁ፣ ውሃው ዳር እግር መንከር እንኳን የተከለከለ ነው። ከላይ ሲታይ የተኛ ይመስላል፣ ከስር ግን የሚጎትት ሃይለኛ ሞገድ አለው፣ ዋና የሚችል ትልቅ ሰው ይወስዳል፣ በየጊዜው ሰው የሚሞትበት ወንዝ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ይዛችሁ አለቱ ላይ አትውረዱ፣ እጁን ያዙ።

ነርሷ፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው፣ እኔ ስለ ጤናው ልጨምር ስራዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አንደኛ ሙቀቱ። እናትሽ ከጎንደር ደጋ ነው የመጡት፣ የዚህ አገር ጁላይ ከወበቁ ጋ ለሳቸው አዲስ ነው። የደም ግፊት መድሃኒት ይወስዱ ከሆነ ደግሞ አንዳንዱ ውሃ ከሰውነት የሚያወጣ ስለሆነ ቶሎ ይደክማቸዋል። እናቶቻችን ሽንት ቤት ፍለጋ እንዳይቸገሩ ብለው ውሃ አይጠጡም፣ ይሄን በስራዬ ብዙ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ገና ስትደርሱ ሽንት ቤቱን አሳዪአቸው ያኔ ይጠጣሉ። ከ 10 በኋላ በኛ አቆጣጠር ፀሐዩ በረድ ሲል መውጣት ይሻላል።

ሁለተኛ መዥገር። አዎ ያ የከብት መዥገር የምንለው ዘመዱ እዚህ ሳር ውስጥ አለ፣ ላይም የሚባል በሽታ ያስተላልፋል፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በደንብ አለ። ቤት ስትገቡ ልጆቹን ስታጥቢ ብብታቸው ስር፣ ከጆሮ ኋላ፣ ከጉልበት ኋላ፣ ፀጉር ውስጥ ፈትሺ። ካገኘሽ በወረንጦ ከቆዳው ተጠግተሽ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳብ ነው፣ ቫዝሊን መቀባት እሳት ማስጠጋት የሚባለውን ተዪ። በሽታውን ለማስተላለፍ ብዙውን ጊዜ ከ 24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት፣ ለዛ ነው በዛው ቀን መፈተሹ ዋጋ ያለው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ክብ ሆኖ የሚሰፋ መቅላት ወይ ትኩሳት ካየሽ ሐኪም ጋ ውሰጂ፣ መድሃኒት አለው። እናትሽን ፍተሻው ላይ አሳትፊያቸው፣ ከብት ያረባ ሰው ከሐኪም በላይ ነው የሚያየው።

የስላይጎ ጎረቤት፦
እኔ ትንሽ የተለየ ነገር ነው ማስበው፣ አትቀየሙኝ። ይሄ ዛሬ እዚህ ሳምንት እዛ ማለቱ ለልጆቹ ጥሩ ነው፣ ለእናትሽ ግን መልስ አይሆንም። እሳቸው የጠየቁት «ሰው መቼ ነው ሚወጣው» ብለው ነው፣ ቦታ አሳዩኝ አላሉም። ሰው የሚገኘው አንድ ቦታ ላይ ደጋግመሽ ስትገኚ ነው።

እኛ ሁለት ቤተሰብ ሆነን ነው የጀመርነው። ስላይጎ ክሪክ ፓርክዌይ ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካልሽ ቅርብሽ ነው፣ ከ2020 ከኮቪድ ጊዜ ጀምሮ የመንገዱ የተወሰነ ክፍል ቅዳሜና እሁድ ለመኪና ይዘጋል። አዲስ አበባ መንገድ ለሰው ሲባል ታስታውሱ የለ፣ እሱ በይው ግን በየሳምንቱ። አስፋልቱ ላይ ልጆች ሳይክል ይነዳሉ፣ ጎን ወንዙ አለ፣ ዛፍ አለ ጥላ አለ። እኛ ሁሌ እሁድ በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ላይ አንድ ዛፍ ስር ነን፣ ዝናብ ካልሆነ በቀር አንቀርም። ማስታወቂያ አልለጠፍን፣ ግሩፕ አልከፈትን፣ ሰው እያየን መጣ። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ነበሩ በዛ ሲያልፉ አማርኛ ሰምተው የቆሙት፣ በሳምንቱ ሚስታቸውን ይዘው መጡ። አሁን ስምንት ቤተሰብ ነን፣ ከሳልቫዶር የመጡ ጎረቤቶችም አሉበት ልጆቹ ኳስ አብረው ነው ሚጫወቱት።

ልጆቹን ከትልልቅ ሰዎቹ ጋ ያገናኘው ምን መሰለሽ? ጠመኔ። አንዲት እናት ጠመኔ ተቀብላ አስፋልቱ ላይ ሰኞ ማክሰኞ አሰመረች፣ ድንጋይ ወረወረችና ለልጅ ልጇ እንዴት እንደሚዘለል በእጇ አሳየቻት፣ እሷ መዝለል አትችልም ግን ዳኛው እሷ ናት፣ መስመር የረገጠ አያልፋትም። ልጆቹ ሰኞ ማክሰኞ ረቡዕ እያሉ ቀኖቹን በአማርኛ የቆጠሩት የአማርኛ ክፍል ገብተው አይደለም። ከዛ ሱዚ መጣ፣ ብይ መጣ፣ ሽማግሌው ደግሞ ገበጣ ይዘው ይመጣሉ።

ስለ ትራንስፖርት ካሰብሽ ንገሪን፣ መጥተን ከቤታችሁ እንወስዳችኋለን።

የሁለት አባት፦
የስላይጎ ጎረቤት ልክ ብለሃል፣ እኔ ከዚህ አንፃር አላየሁትም ነበር። ግን ትልቁን ልጅ አትርሱት፣ 10 ዓመት ላይ ያለ ልጅ ሁሌ አንድ ዛፍ ስር ይሰለቻል፣ አልፎ አልፎ ጉዞም ያስፈልገዋል።

ታሪክ ወዳድ፦
ለትልቁ ልጅ ከሆነ ግሌን ኤኮ ፓርክ ውሰዱት፣ ቤተዝዳ አጠገብ ነው፣ መግቢያ የለውም። እዛ ያለው ካሮሰል በ1921 የተተከለ ነው እስከ ዛሬ ይዞራል፣ ቀለሙ የእንስሳቱ ቅርፅ ሁሉ እንደድሮው ነው። ታሪኩን ሳትነግሩት ግን እንዳታስሳፍሩት። ያኔ ቦታው የግል መዝናኛ ነበር፣ ጥቁር አይገባም ነበር። በ1960 ጁን 30 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጥተው ካሮሰሉ ላይ ወጥተው ተቀመጡ፣ ውረዱ ሲባሉ እምቢ አሉ፣ አምስቱ ታሰሩ። ከዛ በጋውን ሙሉ በሩ ላይ ሰልፍ ሆነ፣ አጠገቡ የሚኖሩ ነጮችም ከነሱ ጋ ቆሙ፣ በ1961 በሩ ለሁሉም ተከፈተ። የታሰሩት ልጆች ክስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1964 ፍርዱ ተሻረላቸው።

ልጄን እዛ ፈረስ ላይ አስቀምጬ ይሄን ስነግራት «ዳዲ እኔንም አያስገቡኝም ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሁለተኛ ዙር ስትወጣ ፈረሱን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ነበር የያዘችው። እኛ እዚህ መጥተን ዘና ብለን የምንገባበትን በር እነማን እንደከፈቱት ልጆቻችን ከኛ አፍ ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

የሦስት ልጆች እናት፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ አንድ በአንድ አንብቤ ለናቴም አነበብኩላት፣ የመዥገሩ ጋ ስደርስ «እሱንማ ለኔ ተዉት» አለች። የስላይጎ ጎረቤት በውስጥ መስመር ፅፌልሃለሁ። ሁለት ጥያቄ ብቻ፦ ኦገስት ፍልሰታ ይገባል፣ እናቴም እኔም እንጾማለን ምን ይዘን እንውጣ? ሌላው ቡና ነው፣ የፔርሙዝ ቡና አልጠጣም ብላለች፣ ፓርክ ውስጥ ማፍላት ይቻላል?

ሸገር በሜሪላንድ፦
ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። ከቅዳሴ በኋላ ስለሆነ ምትወጡት አያስቸግርም፣ እኛ የቲማቲም ፍትፍት ቀዝቀዝ አድርገን፣ ስልጆ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሐብሐብ ይዘን ነው ምንወጣው፣ ለሙቀትም ከጥብስ ይሻላል። ቡሄ ደግሞ ኦገስት 19 ነው መሃሉ ላይ፣ ዘንድሮ በስራ ቀን ስለሚውል ልጆቹ ሆያ ሆዬውን ቀደም ብሎ ባለው እሁድ ይበሉ፣ ሙልሙል የምትጋግር አያት ካለች ሌላ ምን ይፈለጋል። ጅራፍ ማጮህ ከተፈለገ ግን መኖሪያ ቤት አጠገብ አይሁን፣ ድምፁን የማያውቅ ሰው ተኩስ ይመስለዋል፣ ይደነግጣል። ችቦውንም ለቤተክርስቲያን ግቢ ተዉት፣ ፓርክ ውስጥ መሬት ላይ እሳት ማንደድ ክልክል ነው።

ለቡናው የፓርኩ ግሪል ባለበት ቦታ ከሰል ማቀጣጠል ይቻላል፣ ጀበናውን እሱ ላይ መጣድ ነው። ከሰሉን ስትጨርሱ ዛፍ ስር እንዳትደፉት፣ ውሃ አፍስሳችሁበት በደንብ አጥፉት። ቡናውን ቤት ቆልታችሁ ፈጭታችሁ ብትመጡ ይቀላል።

የሦስት ልጆች እናት፦
ሰላም ነው፣ ሰባት ሳምንት ሆነ መሰለኝ፣ ምን ሆነች ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ ልንገራችሁ።

ስላይጎ የሄድንበት የመጀመሪያው እሁድ ጥሩ አልነበረም፣ ወበቅ ነበር ትንሹ አለቀሰ እናቴም ነጠላዋን ተከናንባ ዝም ብላ ተቀመጠች፣ ሁለተኛ አልመጣም ትላለች ብዬ ነበር። በሁለተኛው የስላይጎ ጎረቤት የነገረን የሽማግሌው ባለቤት መጡ፣ ከየት ነሽ ከየት ነሽ ሲባባሉ ሴትዮዋ የአዘዞ ሰው ሆነው ተገኙ፣ በአንድ ወቅት የአንድ ሰፈር ገበያ ይወጡ ነበር፣ የሚያውቁት ሰው ሁሉ አንድ ነው። ከዛ በኋላ እኔን እናቴ ትታኛለች። ሐሙስ ጀምራ ቆሎ ትቆላለች፣ ቅዳሜ ማታ ጀበናውን አጥባ በር አጠገብ ታስቀምጣለች።

ልጄ 6 ዓመቷ ያልኳችሁ ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት መስመር ረግጣ አያቷ «ወጣሽ!» ስትላት «አልረገጥኩም እማማ!» ብላ በአማርኛ ተከራከረቻት። በአማርኛ! ሁለቱም እየተከራከሩ እኔ ወደ ሌላ ዞሬ እንባዬን ጠረግሁ። ትልቁ ደግሞ ፓሱን ተጠቅሞ ግሬት ፎልስ አስገብቶናል፣ እናቴ ፏፏቴውን አይታ ረጅም ሰዓት ዝም ብላ «ጢስ አባይስ ጢሱ ይበልጣል» አለች፣ ግን ሁለት ጊዜ ፎቶ አንሱኝ አለች። መዥገርም አንድ ጊዜ ትንሹ ልጅ ላይ ተገኝቷል፣ ያገኘችው እሷ ናት፣ ነርሷ እንዳልሽው በወረንጦ አወጣነው ምንም አልሆነም።

መመለሻዋ ሴፕቴምበር መጨረሻ ነው፣ እንቁጣጣሽን እዛው ዛፍ ስር እናከብራለን ተብሏል። አሁን የምጠይቃችሁ ጠመኔ በብዛት በርካሽ የት ነው ሚገኘው? ወፍራሙን የልጆች ጠመኔ አልወደደችውም፣ መስመሩ ይሰፋል ሁሉም ይረግጠዋል ትላለች፣ ያን የድሮ የአስተማሪ ቀጭን ነጩን ነው ምትፈልገው።