ብሉግራስ የቢል ሞንሮ ነው ወይስ የባንዱ?

የድሮ ሸክላ፦
ትናንት ማታ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የተጨቃጨቅንበትን ነገር ወደ እናንተ ላምጣው። ብሉግራስ በባንጆ፣ በማንዶሊን፣ በጊታርና በመሳሰሉት ባለ ክር መሣሪያዎች የሚጫወቱት የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ነው፤ ቢል ሞንሮ ደግሞ “የብሉግራስ አባት” ይባላል። ማንዶሊን (ትንሽ ጊታር የሚመስል ባለ ክር መሣሪያ) ተጫዋች ነው፤ ባንዱን በትውልድ ግዛቱ በኬንታኪ ቅጽል ስም “ብሉ ግራስ ቦይስ” ብሎ ሰየመው፤ በ1939 ናሽቪል ውስጥ በግራንድ ኦል ኦፕሪ የሬዲዮ መድረክ ተቀጠረ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) እኔ ግን አባትነቱን አልቀበልም። ባንዱ በፌብሩዋሪ 1945 ያስቀረጻቸውን ዘፈኖች ስሙ፤ አኮርዲዮን አለባቸው። አዎ፣ አኮርዲዮን! የምትጫወተውም ሳሊ አን ፎሬስተር ነበረች። ከዚያ በሴፕቴምበር 1946 የተቀረጹትን ስሙ። መሪው ያው ሞንሮ ነው፤ ሙዚቃው ግን ሌላ ነው። በመሃሉ የገቡት ሌስተር ፍላት በጊታርና በድምፅ፣ ኧርል ስክራግስ ደግሞ በባንጆ (ሆዱ እንደ ከበሮ በቆዳ የተወጠረ ባለ ክር መሣሪያ) ናቸው። ዛሬ ብሉግራስ የምንለው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ማንዶሊን ወዳድ፦
እነዚያን ልጆች የቀጠራቸው ማን ሆነና ነው? ስክራግስ በ1945 መጨረሻ ሲመጣ ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላው የሰሜን ካሮላይና ወጣት ነበር። ሞንሮ ሰምቶ ወሰደው። ደግሞ ሁሉም ሰው ባንጆውን እያየ ማንዶሊኑን ይረሳል። በዚህ ሙዚቃ ከበሮ የለም፤ የከበሮውን ሥራ የሚሠራው ማንዶሊኑ ነው። ባሱ ምቱን ሲጥል ማንዶሊኑ በመሃሉ “ቸክ” ይላል፤ ክሩ ጮኾ ሳይጨርስ በግራ እጅ ጣቶች ይታፈናል። ያ ምት፣ ያ ጥድፊያ፣ ያ ጉሮሮን የሚፈትን ከፍተኛ ድምፅ የሞንሮ ነው። ፍላትና ስክራግስ በ1948 ጥለውት ሲሄዱ ሙዚቃው ቆመ እንዴ? ዶን ሬኖ ባንጆውን ይዞ ገባና ቀጠለ። ከመቶ ሃምሳ በላይ ሙዚቀኞች አልፈውበታል፤ ያልተለወጠው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሦስት ጣት፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎ ነው። ከስክራግስ በፊት በዚያ ባንድ ባንጆ የያዘው ስትሪንግቢን ነበር፤ ኮሜዲያን ነው፤ ባንጆውም የቀልዱ ጓደኛ ነበር። ስክራግስ በአውራ ጣት፣ በአመልካችና በመሃል ጣት መምቻ አድርጎ ክሮቹን በየተራ ሲያንከባልላቸው አንድ ሰው ይሁን ሦስት ሰው የሚጫወተው አይለይም። እሱም ከባዶ አልተነሣም፤ በዚያው በሰሜን ካሮላይና እንደ ስነፊ ጄንኪንስ ያሉ በሦስት ጣት የሚጫወቱ ሰዎች ቀድመውታል። ዘዴውን አሹሎ ከፊት ያቆመው ግን እሱ ነው። እስኪ ባንጆውን አውጡና የሚቀረውን ስሙት፤ ጥሩ የገጠር ዘፈን ነው፣ ብሉግራስ ግን አይደለም።

ማንዶሊን ወዳድ፦
ማንዶሊኑን አውጥተህ ሞክረው እንግዲህ!

ሦስት ጣት፦
ተሞክሯል እኮ ጋሼ። ፍላትና ስክራግስ የራሳቸውን ባንድ ሲያቋቁሙ ማንዶሊኑን ወደ ኋላ ገፉት፤ በ1955 ደግሞ ዶብሮ (በብረት ዘንግ እየተንሸራተቱ የሚጫወቱት ጊታር) ጨመሩ። እንዲያም ሆኖ በ1962 በኒው ዮርክ ታዋቂው የሙዚቃ አዳራሽ፣ ካርኔጊ ድረስ ተጋብዘው ተጫወቱ። ያ ብሉግራስ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

የቨርጂኒያዋ፦
ሁለታችሁም ስለ ባለቤትነት ትጣላላችሁ፤ አርኖልድ ሹልትዝን ግን የጠራው የለም። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ የኬንታኪ ጊታርና ቫዮሊን ተጫዋች። ሞንሮ በልጅነቱ በየጭፈራው አብሮት ይጫወት ነበር፤ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሆነውን ብሉዙን ከእሱ እንደተማረም ራሱ ተናግሯል። ሹልትዝ በ1931 ሞተ፤ አንድም ሸክላ አልተወም። ባንጆ ራሱ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ይዘውት የመጡት የሙዚቃ ዘር ነው። የምኖረው ይህ ሙዚቃ በሚዘወተርበት አካባቢ ነው፤ በየበጋው ፌስቲቫል ከመድረኩ ይልቅ የመኪና ማቆሚያው ይበልጥብኛል። የማይተዋወቁ ሰዎች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ አንዱ ዜማውን ሲወስድ ሌሎቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉለታል፤ ከዚያ ተራው ይዞራል። እዚያ መሃል “ይህ የማን ነው?” ብትሉ ይስቁባችኋል።

ማንዶሊን ወዳድ፦
ስለ ሹልትዝ ልክ ነሽ እህቴ፤ አፍሬያለሁ። የባለቤትነቱ ነገር ግን ለሞንሮ ቀልድ አልነበረም። ኮሎምቢያ የተባለው የሸክላ ኩባንያ የእሱን አካሄድ የሚከተሉትን ስታንሊ ወንድማማቾችን ሲያስፈርም ተቀይሞ ኩባንያውን ለቅቆ ወጣ። የእኔ ነው ብሎ ያመነ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።

የድሮ ሸክላ፦
ጋሼ፣ ይህ እኮ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ሞንሮ የፈለገው ማንም እንዳይነካበት የአንድ ባንድን ድምፅ ነበር። ስታንሊዎች ወሰዱት፣ ፍላትና ስክራግስ ይዘውት ሄዱ፤ ዘውግ የሆነውም ከእጁ ስለወጣ ነው። ቂሙ ደግሞ ቀላል አልነበረም፤ ሁለቱ በ1955 ኦፕሪ እንዳይገቡ ተከላክሏል፤ ከፍላት ጋር የታረቁትም በ1971 ነው፣ እሱም ኢንዲያና ውስጥ በራሱ በሞንሮ ፌስቲቫል ላይ። ሃያ ሦስት ዓመት! በዚያ መሃል ፍላትና ስክራግስም ራሳቸው በ1969 ተለያይተው ነበር።

ሦስት ጣት፦
የክብር አዳራሹንም አትርሱ። የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ሞንሮን በ1970 አስገባ፤ ፍላትና ስክራግስን በ1985። ፍላት ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር።

የቨርጂኒያዋ፦
ወንድምህ ምን አለ ታዲያ?

የድሮ ሸክላ፦
ይህን ሁሉ አነበብኩለት። “ሞንሮ ነው” ብሎ ሻዩን ጠጣ። ዛሬ ማታ ያንን አኮርዲዮን በድጋሚ አሰማዋለሁ።