ክብደት መቀነስ ያለባቸውን ታካሚ በጤና ጣቢያ እንዴት እንርዳ?

ጠያቂ (ደሴ)፦ 82 ኪሎ፣ ቁመት 1.60 ሜትር፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው እናት ናቸው። «ምግብ ይቀንሱ» ብንላቸውም ለውጥ የለም። ለአንድ ታካሚ ያለን ጊዜ 10 ደቂቃ ነው፤ ከምን እንጀምር?

መላሽ (ኮምቦልቻ)፦ ኪሎውን ለቁመት ሲባዛ ቁመት፣ ማለትም 82ን ለ1.6 × 1.6 ብታካፍለው 32 ይመጣል (BMI የሚባለው የውፍረት መለኪያ ነው)፤ ከ30 በላይ ስለሆነ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው። ግን 60 ኪሎ ይግቡ አትበል። ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ማለትም ከ4 እስከ 8 ኪሎ ቢቀንሱ ስኳሩም ግፊቱም ይሻሻላል።

«ይቀንሱ» ደግሞ ምክር አይደለም፤ መጠኑን ንገራቸው። መጀመሪያ ስለ ቡናው ጠይቅ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ጧትና ማታ ከሆነ 12 ማንኪያ ነው፤ ወደ 50 ግራም፣ 200 ካሎሪ ገደማ። (በወሎ ቡና ተው ማለትማ አይሞከርም፤ ስኳሩን ነው።) ዘይቱ ይብሳል፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ አለው። ከጠርሙሱ ማንቆርቆሩ ይቅርና በማንኪያ ይለካ። በጾም ወቅትም ክብደት የሚጨምረው ብዙ ጊዜ በዚሁ ዘይት ነው።

መላሽ (ወልዲያ)፦ መድኃኒታቸውንም እዩ። ከስኳር መድኃኒቶች ግሊቤንክላሚድና ኢንሱሊን ክብደት ይጨምራሉ፤ ሜትፎርሚን አይጨምርም። ግሊቤንክላሚድ እየወሰዱ ድንገት ምግብ ከቀነሱ ወይም ረመዳንን ከጾሙ ስኳራቸው በጣም ሊወርድ ይችላል። መጠኑ አስቀድሞ በሐኪም ይስተካከል።

ጠያቂ፦ ሚዛኑስ በየስንት ጊዜ?

መላሽ (ኮምቦልቻ)፦ መድኃኒት ሊወስዱ በመጡ ቁጥር፣ በዚያው ሚዛን፣ ያለ ጫማና ያለ ጋቢ። ወለሉ ወጣ ገባ ከሆነ ሚዛኑ ይዋሻል።