በትሬስማሎክ የማይታይ የማህደረ ትውስታ ዕድገት
በሊኑክስ ላይ ያለማቋረጥ የሚሠራ፣ ምስሎችን ተቀብሎ መጠናቸውን የሚቀንስ የፓይተን አገልግሎት አለኝ፤ ሲነሣ 400 ሜጋባይት ገደማ ማህደረ ትውስታ ይይዛል፣ ሥራ ሲበዛበት ግን ቀስ በቀስ 3 ጊጋባይት ያልፍና ሥርዓተ ክወናው ያቋርጠዋል። በትሬስማሎክ (የፓይተን የማህደረ ትውስታ መከታተያ) በተለያየ ጊዜ የወሰድኳቸውን መዝገቦች ሳነጻጽር በፓይተን በኩል የተያዘው መጠን እምብዛም አይለወጥም፤ መሣሪያው በሲ የተጻፉ ላይብረሪዎች በቀጥታ በማሎክ (ማህደረ ትውስታ በሚሰጠው የሲ ተግባር) የሚወስዱትን ስለማያይ ይህ ብዙም አያስደንቅም። የማህደረ ትውስታ ስሕተት መፈለጊያው ቫልግራይንድ ደግሞ አገልግሎቱን እጅግ ስለሚያዘገየው ችግሩ የሚታይበትን የሥራ ጫና መፍጠር አልቻልኩም። የማሎክ አሬናዎችን (ማሎክ ማህደረ ትውስታ የሚያከፋፍልባቸውን ክምችቶች) ቁጥር በ2 ስገድብ ዕድገቱ ዘገየ እንጂ አልቆመም፤ ስለዚህ የማህደረ ትውስታ መበጣጠስ (ነፃው ቦታ ተቆራርጦ ለሥራ አለመመቸቱ) እና እውነተኛ ፍሳሽ (የተወሰደው ሳይመለስ መቅረቱ) አብረው እንዳሉ እጠረጥራለሁ። አገልግሎቱን ብዙ ሳላዘገይ ሁለቱን ለመለየት የትኛውን መሣሪያ፣ በምን ዓይነት ቅንብር ልጠቀም?