ከጎንደር እስከ ምድር ተቃራኒ ጎን፦ አጭር ሞገድ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት?

አዘዞ_ሞገድ፦
ሰላም ወገኖች። ከጎንደር ምድርን ሰንጥቀን ብንወርድ ብቅ የምንለው ደቡብ ፓስፊክ ላይ ነው፤ 12.6 ዲግሪ ደቡብ፣ 142.5 ዲግሪ ምዕራብ። ርቀቱ ወደ 20,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ያለኝ ኤስኤስቢ (የአማተሮችን ንግግርና የሞርስ ምልክት የሚያሰማ አሠራር) ያለው ቴክሰን ሬዲዮና ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የዘረጋሁት 10 ሜትር ሽቦ ነው። 14 ሜጋኸርዝ ላይ ቀን ቀን ብፈልግ አውሮፓ ይገባል፣ ከዚያ ወገን ግን ምንም የለም። አንቴናውን ወዴት ላዙር? ስንት ሰዓትስ ልጠብቅ?

ንጋት_12፦
ያልከው ነጥብ ባሕር ነው፤ በማርኬሳስና በቱዋሞቱ ደሴቶች መካከል። የሚያሰራጭልህ የለም። ለሙከራ ሃዋይን ያዝ፦ 15,700 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 26 ዲግሪ።

ቀን የማይሰማህ በዲ ንብርብር ምክንያት ነው፤ ላይ ሰማይ ላይ ሆኖ ሞገድ የሚመጥ ነው። ከሱ በላይ ያለው ኤፍ2 ሞገዱን ወደ መሬት ይመልሰዋል፤ በአንድ ዝላይ ቢበዛ 4,000 ኪሎ ሜትር ያደርሳል፤ ስለዚህ ሞገዱ ቢያንስ አራት ጊዜ መዝለል አለበት፣ በእያንዳንዱ ዝላይ ደግሞ ዲን ሁለቴ ያቋርጣል። ፀሐይ ያለበት ዲ ይበላዋል፣ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ሲሆን ይብሳል። ሌሊት ዲ ይጠፋል፤ ኤፍ2 ግን እየሳሳ ስለሚሄድ ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ መመለስ ያቅተዋል። ሁለቱ የሚታረቁት በድንግዝግዝ ነው። ከፍታ ላይ ያለው ኤፍ ከመሬት ቀድሞ ፀሐይ ያገኛል፣ ዲ ገና አልበረታም። ደግሞም እኛ ጋ ፀሐይ ስትወጣ ተቃራኒው ነጥብ ላይ እየጠለቀች ነው፤ ይህ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም።

የሚለወጠው የድንግዝግዙ መስመር፣ ማለትም ቀንና ሌሊት የሚለያዩበት መስመር፣ አቅጣጫ ነው። ታኅሣሥ 12 አካባቢ ጠዋት ከጎንደር በ24 ዲግሪ ይሄዳል፤ የሃዋይ አቅጣጫ ማለት ይቻላል! በሰኔ ደግሞ ያው መስመር የሚገጥመው ማታ ነው፤ ግን የክረምቱ መብረቅ ጆሮህን ይደፍነዋል። ስለዚህ ታኅሣሥ፣ ጠዋት 12:45 ግድም፣ ከዚያ በፊትም በኋላም ሩብ ሰዓት። ዩቲሲ (ዓለም አቀፉን ሰዓት) ለማግኘት በእኛ ሰዓት ላይ 3 ጨምር፤ ጠዋት 12:45 ማለት 03:45 ነው።

ቆርቆሮና_ሽቦ፦
ከሰዓቱ በፊት ሽቦው ይነሳ። ቆርቆሮ ላይ የተኛ ሽቦ ከብረቱ ጋር እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የቀረችው አቅሙም ወደ ሰማይ ቀጥ ትላለች፣ ለሩቅ የሚያስፈልገው ግን ከአድማስ ብዙ ያልራቀ ማዕዘን ነው። ሁለት አማራጭ አለህ። አንደኛው ለ14.1 ሜጋኸርዝ ዳይፖል (ሁለት ክንድ ያለው የሽቦ አንቴና)፣ እያንዳንዱ ክንድ 5.05 ሜትር፣ ከመሬት 10 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ሽቦው ወደ 26 ዲግሪ ጎኑን ሰጥቶ። ሁለተኛው፣ ቦታ ለጠበበው፣ ጣሪያው ላይ የቆመ 5.06 ሜትር ሽቦ፤ የኮአክሲያሉ (የአንቴናው ገመድ) የውጭ መከለያ ከቆርቆሮው ጋር ይታሰር። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ቆርቆሮዎቹ በሚስማር ተገናኝተዋል ብሎ ማመኑ ነው። ዝገት ይለያያቸዋል፣ ንፋስ ሲመጣም ይንኮሻኮሻሉ። ዙሪያውን ባሉት ሉሆች ላይ ዝገቱን ፍቀህ በሽቦና በብሎን አያይዛቸው።

ጫጫታውን ለመለየት ሬዲዮውን በባትሪ አድርገህ የቤቱን ዋና ማብሪያ ዝጋ። ከቀነሰ ቻርጀር ወይም ኤልኢዲ አምፖል ነው። ካልቀነሰ ከጎረቤት ነው፣ እሱ ደግሞ ሌላ ድርድር ነው።

አዘዞ_ሞገድ፦
እሺ፣ ይነሳል። ሃዋይ መሆኑን ግን በምን አውቃለሁ?

ንጋት_12፦
ሁለት ነገር አለ። 14.100 ላይ ቢኮኖች (በየተራ ምልክት የሚልኩ ጣቢያዎች) በየ3 ደቂቃው ይዞራሉ፣ ለእያንዳንዱ 10 ሰከንድ። ዙሩ በ00፣ 03፣ 06 ደቂቃ እያለ ይጀምራል፤ ሃዋይ፣ ኬኤች6አርኤስ፣ ተራው 30ኛው ሰከንድ ላይ ነው። በሞርስ መጠሪያውን ይልና አራት ረጃጅም ድምፅ ይከተላል፦ 100፣ 10፣ 1፣ 0.1 ዋት። ስንቱን እንደሰማህ መቁጠር ነው። ሰዓትህ አምስት ሰከንድ ከተዛባ ግን የጎረቤቱን ተራ የሃዋይ ታደርገዋለህ።

ሌላው 10 እና 15 ሜጋኸርዝ ላይ ያለው የሰዓት ጣቢያ፣ ደብሊውደብሊውቪኤች፣ 10 ኪሎ ዋት ነው። ደቂቃው ሊሞላ 15 ሰከንድ ሲቀረው የሴት ድምፅ ሰዓቱን ትናገራለች። የወንድ ድምፅ 7.5 ሰከንድ ሲቀረው ከሰማህ ኮሎራዶ ነው። ቻይናም እዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ አለ፤ ስለዚህ ቲክ ቲኩን ብቻ ሰምተህ አትደሰት። ድምፁ ደካማ ከሆነ በዩኤስቢ (የሬዲዮው ኤስኤስቢ የላይኛው ጎን) 9.999 ላይ ቁም፤ ተሸካሚው ሞገድ እንደ ፉጨት ይሰማል።

ሁለት_መንገድ፦
አንቴና ስለማዞር አንድ ነገር ልጨምር። ትክክለኛው ተቃራኒ ነጥብ ላይ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው፤ በንድፈ ሐሳብ ሞገዱ ከዙሪያው ሁሉ ይሰበሰባል። ትንሽ ስትርቅ መንገዱ ይለያል፤ አንዱ አጭር፣ ሌላው በተቃራኒው ወገን ዞሮ የሚመጣ ረጅም። ለታሂቲ አጭሩ 127 ዲግሪ፣ ወደ 19,090 ኪሎ ሜትር፤ ረጅሙ 307 ዲግሪ፣ ወደ 20,940። ልዩነቱ 6 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ንግግሩ ገደል ውስጥ እንዳለ ይሆናል። ለሃዋይ ግን ልዩነቱ 29 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ አንዱ ቲክ ሁለት ሆኖ ከተሰማህ ሬዲዮህ አልተበላሸም፣ በ206 ዲግሪ በኩል ዞሮ የመጣው ነው።

አጭሩ የሃዋይ መንገድ በሳይቤሪያ፣ 64 ዲግሪ ሰሜን ድረስ ወጥቶ ነው የሚያልፈው። ኬ ኢንዴክስ (የምድር መግነጢሳዊ ነውጥ መለኪያ፤ ነውጡ ወደ ዋልታ የቀረበ መንገድን ያውካል) 4 ወይም ከዚያ በላይ ባለበት ጠዋት ባትነሳም ግድ የለም።