በኦፕቲካል ፋይበር ውስጥ ብርሃንን ማዘግየትና ማፍጠን፦ ፍጥነቱ የሚለወጠው የምኑ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር ከከዚራ (ድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ። በከተማችን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ብርሃን ስብረት ስናጠና አንዲት ተማሪዬ ያነበበችውን ነገር ይዛ መጣች። በስዊዘርላንድ የሎዛን ከተማ የፌዴራል ፖሊቴክኒክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ለመገናኛ አገልግሎት በሚውል ፋይበር ውስጥ የብርሃንን ፍጥነት በሰከንድ ከ71,000 ኪሎ ሜትር በታች አውርደውታል፤ በዚያው ፋይበር ደግሞ ብርሃን በባዶ ሕዋ ከሚጓዝበት 299,792 ኪሎ ሜትር በላይ አፍጥነውታል። ብርሃን በፋይበር መስታወት ውስጥ በሰከንድ ወደ 204,000 ኪሎ ሜትር እንደሚጓዝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን መስታወቱ ያው ሆኖ ሳለ ፍጥነቱ ወደላይም ወደታችም የሚለወጠው በምን ምክንያት ነው? ከባዶ ሕዋ ፍጥነት በላይ መሄዱስ ከአንስታይን ሕግ ጋር አይጋጭም? ተማሪዋ በተጨማሪ፣ ይህ ዘዴ ከጅቡቲ በኩል የሚመጣውን ኢንተርኔታችንን ሊያፈጥነው ይችል እንደሆነ ጠይቃኛለች። ለክፍሉ በሙሉ ትክክለኛውን መልስ ይዤ ለመቅረብ ስለምፈልግ የምታውቁ ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ የኦፕቲክስ ተማሪ (ሐረር)

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ተማሪዎ ያነበበችው እውነት ነው፤ ዋናው ጉዳይ የተለካው ፍጥነት የምን ፍጥነት እንደሆነ መለየት ነው። በፋይበር የምንልከው የብርሃን ምት (አጭር ብልጭታ) አንድ ነጠላ ሞገድ ሳይሆን፣ ፍሪኩዌንሲያቸው በጥቂቱ የሚለያይ የብዙ ሞገዶች ድምር ነው። ሞገዶቹ ተደምረው የሚሠሩት ጉብታ፣ ማለትም የምቱ ጫፍ (ብርሃኑ ከሁሉ የሚበረታበት ነጥብ)፣ የሚጓዝበት ፍጥነት የቡድን ፍጥነት ይባላል። በሎዛን የተለወጠው እርሱ ነው። የቡድን ፍጥነት የሚወሰነው በመስታወቱ የስብረት መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ያ መጠን ከፍሪኩዌንሲ ጋር በሚለዋወጥበት አኳኋንም ጭምር ነው። በጣም ጠባብ በሆነ የፍሪኩዌንሲ ክልል ውስጥ ብርሃን እንዲጎላ ወይም እንዲመጠጥ ከተደረገ፣ በዚያ ክልል የስብረቱ መጠን በኃይል ይለዋወጣል፤ የቡድን ፍጥነቱም አብሮ ይለወጣል።

ተመራማሪዎቹ ይህን ጠባብ ክልል የፈጠሩት በብሪሉዋን ስርጭት ነው። ከፋይበሩ አንድ ጫፍ ሲግናሉ፣ ከሌላው ጫፍ ደግሞ ፓምፕ የሚባል ጠንካራ ሌዘር ይገባል። ሁለቱ ብርሃኖች በመስታወቱ ውስጥ ሲገናኙ፣ በሰከንድ ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የድምፅ ሞገድ ይቀሰቅሳሉ፤ ይህ የድምፅ ሞገድ በተራው ኃይልን ከአንዱ ብርሃን ወደ ሌላው ያሸጋግራል። በ1,550 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት፣ የሲግናሉ ፍሪኩዌንሲ ከፓምፑ ወደ 11 ጊጋ ኸርዝ ያነሰ ከሆነ ሲግናሉ ይጎላል፤ በዚያው መጠን የበለጠ ከሆነ ግን ይመጠጣል። ሲጎላ ይዘገያል፣ ሲመጠጥ ይፈጥናል። የፓምፑን ኃይል መጨመርና መቀነስ ብቻ ፍጥነቱን ስለሚቆጣጠር መስታወቱን መለወጥ አያስፈልግም። ሥራውን ትልቅ የሚያደርገው፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህ ሁሉ በተራ የክፍል ሙቀት መከናወኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የፊዚክስ ተመራማሪዋ ሌነ ሃውና ባልደረቦቿ ብርሃንን በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ሲያወርዱት፣ ወደ ፍጹም ዜሮ የተቃረበ የሶዲየም ጋዝ አስፈልጓቸው ነበር።

ምክንያቱን ለተማሪዎች በጊዜ ቅደም ተከተል ማስረዳት ይቻላል። የድምፅ ሞገዱ ለመጎልበት ወደ 10 ናኖ ሰከንድ ይፈልጋል። ስለዚህ የምቱ ፊት ሲያልፍ ሞገዱ ገና ደካማ ነው፤ የምቱ ኋላ ሲደርስ ግን በርትቷል። ፓምፑ የሚያጎላ ከሆነ ኋለኛው ክፍል የበለጠ ስለሚጎላ ጫፉ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የሚመጥ ከሆነ ኋለኛው ክፍል የበለጠ ስለሚቀንስ ጫፉ ወደ ፊት ይገፋል። ከድሬዳዋ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት የሚወጣ ረጅም የመኪና ሰልፍ ያስቡ፤ ከኋላ ያሉት መኪኖች አንድ በአንድ ከመንገዱ ቢወጡ፣ ሰልፉ ጥቅጥቅ ያለበት ቦታ ወደ ሐረር አቅጣጫ ይሸሻል፤ ፍጥነቱን የጨመረ መኪና ግን አንድም የለም።

የአንስታይን ሕግም የማይጣሰው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ መረጃ የሚጀምረው ከምቱ ጫፍ ሳይሆን፣ ምቱ መጀመሪያ ከተነሳበት ድንበር ነው፤ ያ ድንበር በየትኛውም ቁስ ውስጥ ከባዶ ሕዋ ፍጥነት እንደማያልፍ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሶመርፌልድና ሌዎን ብሪሉዋን እ.ኤ.አ. በ1914 አሳይተዋል። ይኸው ብሪሉዋን በ1922 ብርሃን በድምፅ ሞገድ እንደሚሰራጭ ያመላከተውና ስርጭቱ በስሙ የተጠራለት ሰው መሆኑን ለተማሪዎችዎ ቢነግሯቸው ደስ ይላቸዋል ብዬ አምናለሁ።

መልስ፦ የመስመር ባለሙያ (ድሬዳዋ)

መምህር፣ የኢንተርኔቱን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ይህ ዘዴ ኢንተርኔታችንን አያፈጥነውም። ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ያለውን ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆን ርቀት ብርሃን በፋይበር የሚያቋርጠው በ1.5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ገጽ አልከፍት ሲል የምንማረርበት መዘግየት ከዚህ እጅግ ስለሚበልጥ፣ ምክንያቱን መፈለግ ያለብን በመስመሩ መጨናነቅ፣ በሞባይል ማማውና ሰርቨሩ ባለበት ርቀት ላይ ነው።

የጉዞውን ጊዜ በእውነት የሚያሳጥረው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም መሐሉ ክፍት የሆነና ብርሃኑ በመስታወት ፈንታ በአየር ውስጥ የሚጓዝበት ፋይበር ነው። በዚህ ፋይበር ያው 300 ኪሎ ሜትር ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ይወርዳል። እዚህ ላይ መረጃው ራሱ ቀድሞ ይደርሳል፤ ፍጥነቱም ከባዶ ሕዋው በጥቂቱ ያነሰ ነው።

ጠያቂው፦ መምህር ከከዚራ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጊዜ ቅደም ተከተሉ ገለጻ ለክፍሌ በጣም ይስማማል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሁላችንም ፍጥነት በምንፈልግበት ዘመን ብርሃንን ማዘግየት ለምን ይጠቅማል?

መልስ፦ የኦፕቲክስ ተማሪ (ሐረር)

መምህር፣ የመጀመሪያው ተስፋ የብርሃን ማቆያ መሥራት ነበር። ሁለት ምቶች በአንድ መገናኛ ላይ በአንድ ጊዜ ሲደርሱ፣ ወደ ኤሌክትሪክ ሳይለወጡ አንዱን ለአፍታ ለማዘግየት ማለት ነው። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። የብሪሉዋን ክልል ስፋት 30 ሜጋ ኸርዝ ገደማ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ዴሲቤል (የመጎላት መለኪያ) የሲግናል መጎላት የሚገኘው መዘግየት 1 ናኖ ሰከንድ ያህል ነው። በሰከንድ 10 ጊጋ ቢት በሚያስተላልፍ መስመር አንዱ ቢት 0.1 ናኖ ሰከንድ ብቻ ስለሚቆይ በዚህ ጠባብ ክልል ውስጥ አያልፍም፤ ቅርጹ ይበላሻል። የፓምፑን ስፔክትረም (የያዛቸውን ፍሪኩዌንሲዎች ክልል) በማስፋት ክልሉን ወደ ጊጋ ኸርዝ ማድረስ ተችሏል፤ ነገር ግን ክልሉ በሰፋ መጠን በአንድ ዴሲቤል የሚገኘው መዘግየት ይቀንሳል። ስለዚህ ማቆያው ጥቂት ቢቶችን ከመያዝ ብዙም አያልፍም፤ እኔም ለትልልቅ መስመሮች መፍትሔ ይሆናል ብዬ አላምንም።

ያው የብሪሉዋን ክስተት በሰፊው የሚያገለግለው በመለኪያነት ነው። ያ 11 ጊጋ ኸርዝ ልዩነት በፋይበሩ ሙቀትና መወጠር ይለዋወጣል፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 1 ሜጋ ኸርዝ ይቀየራል። ስለዚህ በግድብ፣ በነዳጅ ቧንቧ ወይም በድልድይ ላይ የተዘረጋ አንድ ፋይበር፣ በአሥር ኪሎ ሜትሮች ርዝመት ላይ የት እንደሞቀና የት እንደተወጠረ ይናገራል። ለተማሪዎ የወደፊት ጥናት ርዕስ ቢፈልጉ፣ የምመርጥላት ይህን መስክ ነው።